ጓዝ በሁለት ጎማ ላይ

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የማይጭነው ነገር ቢፈለግ አይገኝም። ማለዳ ዳቦ በቅርጫት፣ ረፋዱ ላይ የጋዝ ሲሊንደር፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጀሪካን ውሃና በላዩ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ፣ ማታ ደግሞ እግሯ ታስሮ አንገቷን ወጣ ያደረገች ዶሮ። ፍራሽ በጭንቅላቱ ተሸክሞ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ ጥሎ፣ በዘንባባዎቹ ሥር እያፏጨ የሚያልፍ ሰው ሲመጣ ዞሮ የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው።

ከተማዋም ለዚህ ተመችታለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ለጥ ብላ ተዘርግታለች፤ ጎዳናዋ ሰፊ፣ ዳገቷ ጥቂት ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሳይቀር ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ቦታ ለይቶ ነው የመጣው። ዳገት የናፈቀው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ጉልበቱን ለክቶ፣ ዓባይን ከላይ አይቶ፣ ፍሬኑን እየጸለየለት ይወርዳል።

እንዲህ መጫን የሚችል ከተማ ልጅ ታዲያ «ለጥምቀት ጎንደር በሳይክል ልሄድ ነው» ያለ ቀን መጫን ይጠፋበታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከተማ ውስጥ የሚጭን ሰው የሚጭነውን ያውቃል፤ ሲሊንደሩ ከሱቅ ወጥቶ ቤት ይገባል፣ አለቀ። ለቀናት ጉዞ የሚያሽግ ሰው ግን የሚጭነው «ምናልባት»ን ነው። ምናልባት ቢዘንብ፤ ምናልባት ቢበርድ፤ ምናልባት የሚበላ ቢጠፋ፤ ምናልባት ጎንደር ላይ የሚያውቀው ሰው ድንገት ቢያገኘው። የመጀመሪያው ምናልባት ጃኬት ይሆናል፣ ሁለተኛው ጋቢ፣ ሦስተኛው ሩብ ኩንታል ስንቅ፣ አራተኛው ሱፍ ልብስ ከነጫማው። አራቱም አልጋው ላይ ሲከመሩ ብስክሌቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ወሬውን የሰማ ይመስላል።

ጎረቤትም ዝም አትልም። «መኪና ጠፍቶ ነው?» ትላለች አጥር ላይ ተደግፋ። «ኧረ እትዬ፣ ለደስታ ነው» ሲላት ለጥቂት ጊዜ ታየዋለች። «ለደስታ ነው?» ብላ ትደግመዋለች፤ ከዚያም ወደ እናቱ ዞራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፦ «ይህ ልጅ ደኅና ነው?»

መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ጉዞው እንደሚወራው አያስፈራም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ዘንዘልማን፣ ሐሙሲትንና የጉማራን ወንዝ አልፎ ወረታ እስኪደረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ አብዛኛው የፎገራ ሜዳ ሲሆን፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ደግሞ የሩዝ ገለባ የሚከመርበት ነው። ከርብ ወንዝና ከይፋግ በኋላ አዲስ ዘመን ይመጣል። ዳገቱ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የዐፄ ሠርጸ ድንግልን የጉዛራ ግንብ በአሻጋሪ እያሳየ፣ እንፍራንዝን፣ ማክሰኝትን፣ ጠዳንና አዘዞን አስቆጥሮ፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጎንደር ያስገባል። ጥር 8 ማለዳ የተነሣ፣ ያልቸኮለ ሰው ጥር 10 ለከተራ ይደርሳል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጎንደር ውስጥ በዚያን ሰሞን አልጋ ማግኘት ከዳገቱ ይብሳልና፣ ማደሪያን አስቀድሞ መለመን ከእሽጉ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ሜዳው ላይ ጭነት ብዙም አይሰማም። ለጥ ባለ መንገድ ብስክሌተኛን የሚታገለው ነፋስ ነው፤ ኪሎ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አብሮ ይንከባለላል። ሂሳቡን የሚጠይቀው ዳገቱ ነው። ከአዲስ ዘመን በላይ እያንዳንዱ ኪሎ ስሙ እየተጠራ በእግር ይከፈላል፤ ሱፍ ልብሱ አንድ ጊዜ፣ ጫማው አንድ ጊዜ፣ «ምናልባት ካነበብኩ» ተብሎ የተያዘው ወፍራም መጽሐፍ ሁለት ጊዜ። አውራ ጎዳና ላይ የሚወዳደሩበት ብስክሌት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በወሰነው ዝቅተኛ ልክ 6.8 ኪሎ ይመዝናል። ባሕር ዳር ውስጥ የምናውቀው ባለ አንድ ማርሹ የብረት ብስክሌት ገና ባዶውን የዚያን ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይን ከኋላው ውሃውን፣ ምግቡንና ትርፍ ጎማውን የያዘ የቡድን መኪና ይከተለው ነበር። የባሕር ዳሩን ጋላቢ ከኋላው የሚከተለው አይሱዙ ነው፤ እሱም ጡሩምባ እንጂ ውሃ አያቀብልም።

ከዓለም አገሮች እየመጡ በዚሁ መንገድ ያልፉ የነበሩትም ቢሆኑ ሁሉም ጓዛቸውን ራሳቸው አይሸከሙም ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ ኬፕታውን የሚደረገው ቱር ዳፍሪክ ለዓመታት በመተማ ገብቶ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣ ጉዞ ነበር። ጋላቢዎቹ አራት ወር ያህል ሲጓዙ ድንኳንና ሻንጣቸው በከባድ መኪና ይጫናል። ሐሙሲት ላይ ቆሞ ያያቸው ገበሬ እነዚህ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ከግብፅ እንደመጡ ቢገምት አይፈረድበትም።

ወደ እሽጉ እንግባ።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው መያዣው ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ውሃ የማያስገባ፣ በኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል የጎን ቦርሳ በውጭ አገር ሱቅ ሞልቷል፤ እዚህ የሚገኘው በውጭ አገር ዘመድ ወይም ጉዞውን ጨርሶ ዕቃውን ሸጦ ከሚሄድ እንግዳ እጅ ነው። የእኛ ሰው ግን መላ አያጣም። የማዳበሪያ ከረጢት ሁለቱን ደርቦ፣ ውስጡን በላስቲክ አልብሶ፣ አፉን አጥፎ ያስራል። ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ከአንገቱ ቆርጦ መክፈቻ የሚያበጅለትም አለ፤ ይህኛው ዝናብ አያውቅም፣ ሌሊት ደግሞ ወንበር ይሆናል። ማሰሪያው ከአሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ በቁመቱ የተቀደደ ጥብጣብ ነው። ገመድ በመንገዱ ንዝረት ይላላል፤ ጎማው ግን እየተሳበ ይጨብጣል።

ማመጣጠኑን በተመለከተ ጥሩ አስተማሪዎቻችን አጋሰስ ጫኞች ናቸው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለችው ይፋግ ባለፈው ዘመን የታወቀች ገበያ ነበረች፤ ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨውና ቡና ጭኖ ይመላለስባት ነበር። የበቅሎ ጭነት በአንድ ወገን ካደላ ኮርቻው ይዞራል፣ የእንስሳዋ ጀርባ ይላጣል፣ ነጋዴው ይከስራል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ግራና ቀኙን በእጁ እያነሳ ይመዝን ነበር። ብስክሌትም ያው ነው፤ ግራው ከከበደ መሪው ይሰርቃል፣ ሁሉም ከኋላ ከተከመረ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይነሳል። ከባዱ ዕቃ ወደ ታች፣ ወደ ጎማው አጠገብ ይወርዳል፤ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ይመስላል፦ ሌሊት በጥድፊያ የታሰረ ጋቢ ሐሙሲት ሳይደርስ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ከብስክሌት ወደ በቅሎ የዞረች ሰውም በታሪክ አለች። አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ ዴርቭላ መርፊ በ1963 እ.ኤ.አ. ከአገሯ ተነሥታ ሕንድ ድረስ በብስክሌት ሄዳለች፤ ከመነሣቷ በፊት ማርሹን አስፈትታ ጥላለች፣ ለዚያ መንገድ ይበላሻል ብላ። በቦርሳዋ ደግሞ ትንሽ ሽጉጥ ነበረች። ይህችው ሴት በ1966 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቷን ትታ፣ ጆክ ያለችውን በቅሎ ይዛ በሰሜኑ ተራራ በእግሯ ተጓዘች። ያን ጊዜ የአገሩን ዳገት በትክክል የነገራት ሰው እንደነበረ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ማጀት። ማሸግ በፈረንጅ አገር የተጓዡ የግል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ነው፣ የበላይ ኃላፊዋም እናት ናት። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ በሶ ሆኗል። እናት ጣቷን ነክራ ቀምሳ ጨው ትጨምርበታለች፤ በፌስታል ትጠቀልለዋለች፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል፣ ያንን ደግሞ በጨርቅ። ቀጥሎ ዳቦ ቆሎ ይመጣል፣ ቀጥሎ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ በትንሽ ጠርሙስ ሚጥሚጣ፣ ቀጥሎ በቅቤ የታሸ ጭኮ።

«እማዬ፣ ይህ ሁሉ ለሦስት ቀን ነው?»

«መንገድ ላይ ሰው አታገኝም? ብቻህን ነው የምትበላው?»

ለዚህ መልስ የለውም። ሰው ፊት ብቻውን የሚበላ ልጅ ማሳደጓን ለማንም ማሳወቅ አትፈልግም። የቀን መቁጠሪያውን ግን ልጁ ሊያሳያት ይችላል። የጥምቀት ዋዜማ ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። መንገዱ ረቡዕን ወይም ዓርብን ካገኘ ደግሞ ሌላ ጾም ተጨመረ። ስለዚህ በቅቤ የራሰው ጭኮ ዳገቱን ሁሉ ወጥቶ፣ ሳይቀመስ፣ ጎንደር ገብቶ የዘመድ ልጅ ይበላዋል። በሶ ግን ጾም አይፈራም፣ እሳት አይፈልግም፣ ውሃና ጥቂት ጨው ወይም ስኳር ካገኘ ከጥላ ሥር በአምስት ደቂቃ ምሳ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፦ ፌስታሉ ከፈነዳ እስከ ካልሲ ድረስ ይገባል፣ ዝናብ ከደረሰበት ደግሞ ልብሱን ከቦርሳው ጋር ያጣብቀዋል። ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ለበሶ ብቻ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።

ስንቁ ተዘጋጅቶ ሁሉም ሲታሰር እናት አንዴ ወደ ውስጥ ገብታ ትመለሳለች። በእጇ ሃይላንድ ሙሉ ጠበል አለ። ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ልጁ ሰባተኛ ክፍል ተምሯል፤ ይህን ኪሎ የሚከራከር ልጅ ግን እስካሁን ባሕር ዳር ውስጥ አልተወለደም። ተቀብሎ ያስገባዋል።

ልብስ የራሱ ጣጣ አለው። ጥምቀትን በነጭ ማክበር ግድ ነው፤ የአገር ልብሱና ነጠላው ግን ከሰንሰለት ዘይት፣ ከመፍቻና ከጎማ ማጣበቂያ ጋር በአንድ ከረጢት ሦስት ቀን መጓዝ አለባቸው። ብልኅ ሰው ነጩን ልብስ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ከመሣሪያው ሌላ ወገን ይከታል። ጋቢን በተመለከተ አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። ደጋፊዎቹ ብርድ ልብስም ነው፣ ትራስም ነው፣ እንግዳ ቤት ሲገቡም ክብር ነው ይላሉ፤ እውነት አላቸው፣ በታኅሣሥና በጥር የጣና ዳር ሌሊት ይቀዘቅዛል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጋቢ ደርቆ ግማሹን ቦርሳ ይበላል፣ ረጥቦ ብስክሌቱን ያክላል ይላሉ፤ እነሱም እውነት አላቸው። ወረታና አዲስ ዘመን አልጋ ተከራይቶ ለሚያድር ሰው ነጠላና አንድ ሹራብ ይበቃዋል። ሜዳ ላይ የሚያድር ግን ጋቢውን ይያዝ፣ ሱፍ ልብሱን ይተው።

ጓዝ በማሳነስ ረገድ ማንም ቶማስ ስቲቨንስን አልበለጠውም። ይህ ሰው በሚያዝያ 1884 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ዓለምን በብስክሌት ለመዞር ሲወጣ፣ ያውም የፊት ጎማው የሰው ደረት በሚደርሰው በጥንቱ ብስክሌት፣ የያዘው ካልሲ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ሽጉጥና ድንኳንም ብርድ ልብስም የሚሆን አንድ የዝናብ ካፖርት ነበር። እናቱ በእሽጉ ላይ እንዳልነበረች ግልጽ ነው።

የመሣሪያው ነገር ግን ቀልድ የለውም። በአስፋልቱ ዳር ባሉ ከተሞች ጎሚስታ አይጠፋም፤ ሥራውንም ቆሞ ማየት ትምህርት ነው። ጎማውን በሁለት ጠፍጣፋ ብረት ከቸርኬው ፈልቅቆ ያወጣል። የውስጡን ነፍቶ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል፤ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ላይ ጣቱን ጥሎ፣ በሌላ እጁ በሸሚዙ ጫፍ ያደርቀዋል። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ማስቲሽ ይቀባዋል። ከዚያ ቁጭ ይላል። ጀማሪ ወዲያው ይለጥፋል፤ እሱ ግን ማስቲሹ አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ለጣት መጣበቁን እስኪተው ይጠብቃል፣ ከደንበኛው ጋር ስለ ኳስ ያወራል። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠችውን ልጣፍ በመጨረሻ አስቀምጦ በመዶሻ እጀታ ይደቀድቃታል። ከመግጠሙ በፊት ደግሞ የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣቱ ይዳብሳል፤ እሾኩ እዚያው ካለ አዲሱም ልጣፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር አያልፍም።

እንግዲህ በከተሞቹ መካከል ይህን ሁሉ ራሱ ተጓዡ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ልጣፍ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ ጎማ መፈልቀቂያ፣ ለብስክሌቱ ብሎኖች ልክ የሆነ መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቁራጭ ሽቦና ጥንድ የፍሬን ጎማ አይቀሩም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ጋቢ አይከብድም። ከውጭ የመጣ ብስክሌት ያለው ሰው ተጨማሪ ነገር ይወቅ፦ ቀጭኑ ቫልቭ ለጎሚስታው ንፋስ መሙያ አይገጥምም፣ እንደ ጣት ጫፍ የምታንስ የነሐስ ማገናኛ ካልያዘ በስተቀር። ቀጭኑ የፈጣን ብስክሌት ጎማም ወረታ ላይ አይገኝም። ለተራው ባለ 26 እና ባለ 28 ግን ሁሉም ቦታ መድኃኒት አለው። እዚህ ላይ ድሀው ብስክሌት ከሀብታሙ ይሻላል።

ጓዝ ማብዛት ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ይህ የጣና ዙሪያ በዚህ ረገድ ታላላቅ ቀዳሚዎች አሉት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ የደረሰው፣ ሰዎች እየተቀባበሉ በተራራ ያሻገሩለትን ግዙፍ የኮከብ መለኪያ መሣሪያ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከጣና በስተ ምሥራቅ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. መንገድ እያስቀየሱ በሰው ጉልበት መቅደላ አድርሰውታል። እስካሁንም እዚያው አለ፤ የመለሰው የለም። በእኛ ዘመን ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ጀልባ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥታ፣ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ በየከተማው ሕዝብ እየወጣ እያያት ወደ ጣና ጉዞ ጀምራለች። ጀልባ በየብስ ማጓጓዝ በሚቻልበት አገር አንድ ሱፍ ልብስ ምን አላት የሚል ሰው ቢኖር አይገርምም። ልዩነቱ የሚገፋው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

ሌላው የሚረሳው ከአገሩ ጠባይ ጋር የሚሄደው ነው። የጣና ዳር ወባ ያለበት ነው፤ አጎበር ክብደቱ ከአንድ ሸሚዝ አይበልጥም፣ ጥቅሙ ግን ከቦርሳው ሁሉ ይበልጣል። ሐይቁ ዳር ድንኳን መትከል የሚያምረው ሰው ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ የብስ እንደሚወጣ ይወቅ፤ የሚወጣበትንም መንገድ ለእንግዳ ብሎ አይቀይርም። ሐይቁ ውስጥ መዋኘትም ቢልሃርዚያ ያስይዛል፣ ስለዚህ የመዋኛ ልብስ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ኪሎም ይቀንሳል። ለሆድ መታመም የኦአርኤስ ከረጢቶች፣ ለቁስል ፋሻና አዮዲን፣ ለፀሐይ ባርኔጣ፣ ማታ ላይ ለአይሱዙው የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ይበቃሉ። ውሃ በየከተማው ይሸጣል፤ በመካከል ሁለት ሊትር ከተያዘ ማንም አይጠማም።

በመጨረሻ የሚታሸገው በጣም ቀላሉና በጣም ከባዱ ነው፤ መታወቂያ፣ ጥሬ ገንዘብና ወሬ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገደኛ ከጎማው ንፋስ በፊት የሚጠይቀው የመንገዱን ሰላም ሆኗል። መንገዱ ተዘግቷል ከተባለ ይቀራል፤ ጥምቀት በዓመቱ ይመለሳል። ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ቴሌብርን ብቻ ተማምኖ አይወጣም፤ ዝርዝር ብር በሁለት ቦታ ከፍሎ ይይዛል። ይህ ገንዘብ ሌላም አገልግሎት አለው። ጉልበት ዳገቱ መካከል እምቢ ካለ ቅጥቅጡን አስቁሞ፣ ከረዳቱ ጋር ተከራክሮ፣ ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ አስጭኖ መቀጠል ነውር የለበትም። ረዳቱ ግን ለብስክሌቱ የሰው ሒሳብ ይጠይቃል፤ ጓዙን ካየ ደግሞ ለሁለት ሰው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተይዞ ሚዛኑ ስንት ይምጣ? አልጋ እየተከራየ፣ ሻይ ቤት እየበላ ለሚጓዝ ሰው ከ8 ኪሎ የበለጠ ካለ ውስጡ የሚጣል ነገር አለ። ድንኳንና ምድጃ ይዞ ለሚያድር እስከ 20 ኪሎ ይፈቀድለት፤ ከዚያ በላይ ያለው ለአይሱዙ የተፈጠረ ነው። መንገዱ ያለውን ነገር መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ሐሙሲት ሻይ አለ፣ ወረታ ሩዝ አለ፣ አዲስ ዘመን እንጀራ አለ፣ በየመካከሉም «ግባ እረፍ» የሚል ሰው አይጠፋም። መንገዱ የሌለው ለብስክሌትዎ ልክ የሆነው መፍቻ፣ አጎበሩና መታወቂያው ነው፤ እነሱ ይያዙ።

ለሚመጣው ጥምቀት ያሰቡ ካሉ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ እሁድ ሙሉውን ጓዝ ጭነው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጢስ ዓባይ ሄደው ይመለሱ። ያን ቀን የላላውን ማሰሪያ ያጥብቁ፣ ያልነኩትን ዕቃ ከመሣሪያው፣ ከመድኃኒቱና ከጠበሉ በቀር አውጥተው ቤት ይተዉ። ጥር 8 ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሡ፤ ፀሐዩም አይሱዙውም ሳይበረታ ሐሙሲት ላይ ቁርስ ይደርሳል።